ሞራ በርበሬ አይደለም

«ዓይኔ ደህና ነው፤ ፊደሉ ነው ያነሰው።»

ጋሼ፣ ፊደሉ አላነሰም! የዛሬ አሥር ዓመት ሳይቸገሩ ያነበቡት ያው ፊደል ነው። ያነሰው የሌንስዎ ጉልበት ነው። ደረሰኙን ከአፍንጫዎ ሥር ጀምረው ወደፊት ገፉት፤ ገፉት፤ ክንድዎ አለቀ እንጂ ቁጥሩ አልጠራም። የማረቆን በርበሬ በኩንታል የሚያስጭን ነጋዴ 3ን ከ8 ለመለየት የጎረቤት ልጅ ይጠራል? ልጁ ትምህርት ቤት የዋለ ቀንስ? በግምት ይፈርማል! በግምት የተፈረመ ወረቀት ደግሞ ስንቱን ወዳጅ እንዳጣላ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

«እርጅና ነው፤ ምን ይደረግ?»

የሚደረግማ አለ። ዓይንዎ ውስጥ መሃሉ ያበጠ፣ ዳሩ የሳሳ፣ ጥርት ያለ ሌንስ አለ። ኮንቬክስ የሚባለው ቅርጽ ይኼ ነው። ቅርብ ያለ ነገር ሲያዩ ወፈር ይላል፤ ሩቅ ሲያዩ ይሳሳል። የሌንስ ጉልበት የሚለካው በዳዮፕተር ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሌንስ በመወፈር ብቻ ከ10 ዳዮፕተር በላይ ጉልበት ይጨምራል። ሃምሳ ዓመት ላይ 2 ቢቀር ነው። ሌንሱ ከዓመት ዓመት እየጠጠረ ስለሚሄድ የዓይን ጡንቻው ቢያዝም ሌንሱ አይታዘዝም። ይኼ አርባን ያለፈ ሁሉ የሚደርስበት ነገር ነው፤ በዚህ የሚያፍር ሰው ሽበቱንም በባርኔጣ ይደብቅ! የጎደለችው ጉልበት አፍንጫ ላይ ትቀመጣለች። +1.50፣ +2.00፣ +2.50 ተብላ ሱቅ በደረቴው ይዟት ይዞራል።

«አሁን ያቺ የሱቅ በደረቴ መስታወት ናት እኔን የምታድነኝ?»

ያቺው ናት! አይናቋት። አስማት የላትም፤ ብርሃንን ማዘግየት ብቻ ነው የምታውቀው። ብርሃን በአየር ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። መስታወት ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ወደ 200,000 ይወርዳል። የሌንሱ ፊት ጎበጥ ያለ ስለሆነ የብርሃኑ አንዱ ጎን መስታወቱን ቀድሞ ይነካል፤ ቀድሞም ይዘገያል። ሌላው ጎን ገና አየር ላይ ስለሆነ እንደፈጠነ ነው። አንዱ ወደኋላ ሲቀር ሌላው ሲገሰግስ መንገዱ ይታጠፋል። በወዲያኛው ፊት ሲወጣም እንደገና ወደ መሃሉ ይታጠፋል። በመሃል የመጣው ቀጥ ብሎ ያልፋል። ከመሃል በተራቀ ቁጥር ግን የመስታወቱ ዳገት ይበረታል፤ መታጠፉም በዚያው ልክ ይበዛል። ስለዚህ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ የገባው ሁሉ አንድ ቦታ ይገናኛል። ያቺ ቦታ ፎከስ ትባላለች። እርስዎ የሚፈልጉት ያ መገናኛ በትክክል ዓይንዎ ጀርባ ላይ፣ ሬቲናው ላይ፣ እንዲያርፍ ነው። ሌንስዎ ሲደክም መገናኛው ከሬቲናው ጀርባ ያልፍና ፊደሉ ይደበዝዛል፤ መነጽሩ ጎትቶ ይመልሰዋል። በቃ!

«ይኼ የፈረንጅ ነገር ነው።»

ሐጂ፣ እርሱንስ ይተዉት! የባግዳዱ ኢብን ሳህል ሌንስ የፀሐይን ብርሃን እንዴት አንድ ነጥብ ላይ እንደሚሰበስብ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ984 አካባቢ ነው። ባስራ ተወልዶ ካይሮ የኖረው ኢብን አል ሀይሰም ደግሞ «ዓይን ብርሃን አይረጭም፤ ብርሃን ነው ወደ ዓይን የሚገባው» ብሎ በሙከራ ካስረዳ 1,000 ዓመት አለፈው። የጻፈው ኪታብ አል መናዚር ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ለዘመናት ተማረበት። መነጽሩን እውነት ነው ጣሊያኖች ሠሩት፤ ያውም በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከእርሱ በኋላ። ስለዚህ ዓይንዎ ላይ ሲያደርጉት ባዕድ ነገር አደረግሁ አይበሉ።

«ወሬ ነው፤ አሳየኝ!»

ና ላሳይህ፤ አንተ ልጅ ደግሞ ካላየህ አታምንም፤ ጥሩ ልማድ ነው። ቡታጅራ ላይ ወደ ምዕራብ የሚከፈት በር ያለው ቤት ፈልግ። ጠዋት ፀሐይ ዘቢዳርን ፊት ለፊት ስትመታው መስኮቱን ዝጋ፤ በሩን ገርበብ አድርገው። የአባትህን +2 መነጽር አንዱን ሌንስ ወደ ተራራው አዙርና ከኋላው ነጭ ወረቀት ያዝ። አስጠጋው፤ ራቅ አድርገው። መጀመሪያ የምታየው ብዥ ያለ ብርሃን ብቻ ነው። ግማሽ ሜትር ገደማ ላይ ስትደርስ ግን ዘቢዳር ከነጫፉ፣ ከነሰማዩ፣ ከነቀለሙ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። ተገልብጦ! ሰማዩ ከታች፣ ሜዳው ከላይ ነው። በበሩ ፊት ባጃጅ ካለፈ ጎማው ወደ ሰማይ ሆኖ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሲሄድ ታየዋለህ። ይኼን ያለ መብራት፣ ያለ ባትሪ፣ ያለ ስልክ ያደረገው የሱቅ በደረቴው መስታወት ነው።

ግማሽ ሜትር ያልኩት በግምት አይደለም። ዳዮፕተር ማለት አንድ ሜትርን ለፎከሱ ርቀት ስታካፍለው የሚወጣው ቁጥር ነው። +2 ሲሆን 50 ሴንቲ ሜትር፣ +4 ሲሆን 25። ቁጥሩ የጠፋበት የማንበቢያ መነጽር ካለህ በዚህ መንገድ በሜትር ለካው፤ የገዛኸውን ታውቃለህ።

«ቆይ፣ ለምን ገለበጠው?»

ከተራራው ጫፍ የመጣው ብርሃን በሌንሱ መሃል ሲያልፍ ቁልቁል እንደወረደ ይቀጥላል፤ ከግርጌው የመጣው ሽቅብ እንደወጣ ይቀጥላል። ሌንሱ ላይ ይተላለፋሉ። ዓይንህም ውስጥ ይኼው ነው የሚሆነው፤ ዓለም ሬቲናህ ላይ ተገልብጣ ነው የምታርፈው፤ ማቃናቱን አንጎልህ ይጨርሰዋል።

«እንግዲያስ የሌንሱን ግማሽ በእጄ ብሸፍነው ግማሹ ተራራ ይጠፋል!»

እንወራረድ! ሸፍነው። አየህ? ተራራው ሙሉ ነው። ጫፉም አለ፣ ግርጌውም አለ፤ ደብዘዝ ያለው ብርሃኑ ብቻ ነው። ምክንያቱም ከተራራው ከእያንዳንዷ ነጥብ የሚነሳው ብርሃን በሌንሱ ላይ ሁሉ ነው የሚዘንበው፤ እያንዳንዱ የሌንስ ቁራጭ ደግሞ ሙሉውን ተራራ ይሥላል። ግማሹን ስትሸፍን ከሠዓሊዎቹ ግማሹን አሰናበትክ እንጂ ሥዕሉን አልቆረጥክም። ይቺን ነገር በደንብ ያዛት፤ የዓይን ሞራ ጋ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

«በአጉሊ መነጽር ወረቀት ያቃጠልነውም በዚሁ ነው?»

በዚሁ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ፎከሱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጉሊ መነጽር ፀሐይን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች ነጥብ ላይ ይጨምቃታል። በዚያ ሁሉ ስፋት የገባው ኃይል በዚያች ነጥብ ሲወርድ ከ2,000 እጥፍ በላይ ይበረታል። ወረቀቱ ምን ያድርግ? ይጨሳል! አሁን ደግሞ አስብ፦ ዓይንህም ኮንቬክስ ነው። ፀሐይን ትኩር ብለህ ስታይ ያቺ ነጥብ የምታርፍባት ሬቲናህ ናት፤ ሬቲና ደግሞ ሕመም የሚያሰማ ነርቭ የላትም። ሳያምህ ትጎዳለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት በሠራች ጊዜ አገሩ ሁሉ አንጋጦ ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ እኛም ዘንድ በከፊል የምትታይ ግርዶሽ ትመጣለች። የኤክስሬይ ፊልም፣ የጥላ መነጽር፣ በጥላሸት የጠቆረ ጠርሙስ አይሆንም! ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ከሌለህ ካርቶን በምስማር ብሳ፤ ጀርባህን ለፀሐይ ሰጥተህ መሬት ላይ የሚወድቀውን ምስሏን እይ።

«መነጽር ዓይን ያሰንፋል፤ አንዴ ከለመደ አይለቅም።»

የለመድከው መነጽሩን አይደለም፤ ጥርት አድርጎ ማየትን ነው! ድሮ ብዥታውን ጤና ነው ብለህ ይዘኸው ነበር፤ አሁን ልዩነቱን አወቅህ። መነጽሩ ከዓይንህ ፊት 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቆ ይቆማል፤ ብርሃኑን ያጥፋል እንጂ ዓይንህ ውስጥ እጁን አያስገባም። ብታደርገውም ባታደርገውም ሌንስህ መጠጠሩን አይተውም። ልዩነቱ፣ ሲያደርጉት ማንበብ አለ፤ ሳያደርጉት የለም።

«ልጁም ሰሌዳው አይታየኝም ይላል፤ የአያቱን መነጽር ይሞክር።»

ኧረ ተይ እህቴ! የአያቱ መነጽር ሰብሳቢ ነው። ሩቅ የማያይ ልጅ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ዓይኑ ብርሃኑን ከሚገባው በላይ ቀድሞ ሰብስቦ ከሬቲናው በፊት ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ሰብሳቢ ስትጨምሪበት ሰሌዳው ጭራሽ ይጠፋበታል። እርሱ የሚፈልገው መሃሉ የሳሳ፣ ዳሩ የወፈረ፣ ብርሃን የሚበትን መነጽር ነው፤ ኮንኬቭ። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። መነጽሩን ከጽሑፉ ጥቂት ከፍ አድርገሽ ያዢና ወደ ቀኝ አንቀሳቅሺው። ፊደሎቹ ወደ ግራ ከሸሹ ኮንቬክስ ነው፤ አብረውት ወደ ቀኝ ከሄዱ ኮንኬቭ ነው። የልጁን ልክ ግን በዚህ አትወስኚ፤ አስመርምሪው። ከፊት ወንበር እየተቀመጠ ዓይኑን የሚያጨናብስ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ይገረፋል፤ ደንቆሮ ተብሎ ይተዋል። አንድ ጥንድ መስታወት በጠፋ አንድ ልጅ ከትምህርት ይቀራል። ይኼ ያንገበግበኛል!

«ሴት ልጅስ? በመነጽር ማን ያገባታል?»

እማማ፣ የሚያያት ያገባታል፤ እርሷም የምታገባውን አይታ ታገባለች!

«ለማንኛውም የእኔ ሞራ ነው። ገና ነው አሉኝ፤ ይብሰል።»

እማማ፣ ሞራ በርበሬ አይደለም እስኪቀላ የሚጠበቅ! በርበሬ ሲበስል ዋጋ ያወጣል፤ ሞራ ሲበስል ዋጋ ያስከፍላል። ማን እንደነገረዎት አውቃለሁ፤ አያትዎ ናቸው፤ በእርሳቸው ዘመን እውነት ነበር። ያኔ ሐኪም ሌንሱን እንዳለ ጎትቶ ነበር የሚያወጣው፤ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ በምትኩ +10 አካባቢ የሆነ ወፍራም መነጽር ይሰጣል። በዚያ መነጽር ሁሉ ነገር ሩብ ያህል ገዝፎ ስለሚታይ ሰው ሲኒውን ሊያነሳ እጁን ሰድዶ ይስታት ነበር። ስለዚህ ዓይኑ ጨርሶ ካልጨለመ በቀር «ቆይ» ይባል ነበር። ዛሬ ግን የሚጠየቀው መብሰሉ አይደለም። ሥራዎ ተስተጓጎለ ወይ? ደረጃው ጠፋዎት ወይ? የሰው ፊት መለየት አቃተዎት ወይ? አዎ ካሉ ጊዜው ነው። ሲቆይ ሌንሱ እየፈሰሰ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ ያማል፤ ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘውን ነርቭም ሊገድል ይችላል። ያ ነርቭ ከሞተ በኋላ ምን ዓይነት ሌንስ ቢተከል ብርሃን አይመለስም።

አንተ ልጅ፣ ቅድም ያዛት ያልኩህን አሁን አምጣት። የተሸፈነ ሌንስ ሥዕሉን አይቆርጥም፤ ያደበዝዘዋል ብለን ነበር። ሞራም ሌንሱ ውስጥ ያለ ነጭ ጉም ነው፤ ስለዚህ እማማ የሚያዩት ጥቁር ነጥብ አይደለም፤ ሁሉ ነገር ጭጋግ ለብሶ ነው። ከዚያም ይብሳል፤ ጉሙ ብርሃኑን ከማገዱ በላይ ይበትነዋል። ለዚህ ነው የማታ የመኪና መብራት የሚያንጸባርቅባቸው፣ ለዚህ ነው እኩለ ቀን ላይ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ የሚያደርጉት። «እናቴ እያየች አላየሁም ትላለች» የምትል ልጅ ሁሉ ይቺን ብታውቅ እናቷን በሐሰት ባልከሰሰች!

«ጠብታ አለ አሉ፤ ያሟሟዋል።»

የዓይን ሞራን የሚያሟሟ ጠብታ የለም። ያለ ብሎ የሸጠልዎ ሰው ያሟሟው ገንዘብዎን ነው።

«ለዓይን ምኒልክ ነው፤ አዲስ አበባ ማን ይወስደኛል?»

ምኒልክ ሆስፒታል አገር ያመሰገነው ነው፤ ግን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምን ይንገላታሉ? የግራርቤት ዓይን ሆስፒታል እዚሁ ቡታጅራ ነው! ሰው ከሩቅ ወረዳ መንገድ አቋርጦ ወደ ቡታጅራ ለዓይኑ ይመጣል፤ የቡታጅራ ሰው በሩ ላይ ተቀምጦ ይጨልምበታል? እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም 49.9 በመቶው በዓይን ሞራ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። ግማሹ ማለት ነው! አንድ ጉማም ሌንስ በአንድ ጥርት ያለ ሌንስ ቢተካ ሊያይ የሚችል ሰው ነው በልጅ ልጅ እጅ የሚመራው። ያ ልጅ ልጅ ደግሞ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት መሆን ነበረበት።

«የሞተ ሰው ዓይን ነው የሚተክሉት?»

አይደለም። እርሱ ሌላ ነው፤ ኮርኒያ የሚባለው የፊተኛው መስታወት ሲጎዳ ነው የሚደረገው። ለሞራ የሚተከለው ሰው የሠራው ሌንስ ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ቦታው እንዲጸና ሁለት ክር የመሰሉ ክንዶች ያሉት። አመጣጡን ልንገርዎት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች መስኮት ሲሰበር ፕላስቲኩ የአብራሪዎች ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል የዓይን ሐኪም ስባሪው ዓመታት ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑን እንዳላስቆጣው አስተዋለ። እንግዲያው ከዚሁ ፕላስቲክ ሌንስ ቢሠራስ? ብሎ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ላይ ተከለው። የሙያ ጓደኞቹ ለዓመታት ተቃወሙት፤ ዛሬ ግን በዓለም ዙሪያ የሞራ ቀዶ ጥገና ያለ እርሱ ሌንስ አይታሰብም። የዓይንዎ ርዝመትና የፊተኛው መስታወት ጉብጠት ይለካል፤ ልክዎ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜ 20 ዳዮፕተር አካባቢ ነው። ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ፣ እርስዎ ነቅተው፣ ሞራው በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል፤ አዲሱ ሌንስ አሮጌው በነበረበት ስስ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል።

«ታዲያ ተቀድጄም መነጽር አደረግሁ ያለችው ጎረቤቴስ?»

ልክ ናት፤ አልተታለለችም። የተተከለው ሌንስ እንደ ልጅነቷ አይወፍርም፣ አይሳሳም። ለሩቅ ከተለካ ለማንበብ ያቺን የሱቅ በደረቴ +2.50 ትፈልጋለች። ይኼን አስቀድሞ ያልነገራት ሰው ነው ያጠፋው።

«እኔ ሞራ የለኝም፤ ሽፋሽፍቴ ነው የሚወጋኝ።»

ይኼን ከሁሉ በፊት ይናገሩት ነበር! እርሱ ትራኮማ ነው። ልጅ ሆነው ደጋግሞ የያዘዎት በሽታ የዓይንዎን ቆብ ውስጡን አኮማትሮ ጸጉሩን ወደ ውስጥ አጠፈው፤ ዓይንዎን በገለጡና በከደኑ ቁጥር ኮርኒያውን ይቧጭረዋል። ወረንጦ አይበቃዎትም፤ የተነቀለው ተመልሶ ይበቅላል። ቆቡን የሚያቀና ቀላል ቀዶ ጥገና አለ፤ ግራርቤት ለዓመታት ሲሠራው የኖረ ሥራ ነው። ይኼን ግን አያሳድሩት። ኮርኒያው አንዴ ጠባሳ ካወጣ መነጽርም አይረዳውም፤ የሞራ ሌንስም አይረዳውም።

«ፊት ታጠቡ፣ ፊት ታጠቡ ይላሉ የጤና ኤክስቴንሽኖቹ፤ ፊት መታጠብና ሌንስ ምን አገናኛቸው?»

በጣም ይገናኛሉ! ዓይን ብርሃን የሚያጥፍበት ጉልበት በጠቅላላው 60 ዳዮፕተር አካባቢ ነው። ከዚያ ውስጥ 43 ያህሉን የሚሠራው ኮርኒያ ነው፤ ያ ከፊት ያለው፣ አየር የሚነካው፣ ዝንብ የሚያርፍበት። የውስጠኛው ሌንስ የቀረውን ነው የሚጨምረው። ካላመኑ ወንዝ ሲወርዱ ውሃ ውስጥ ዓይንዎን ይግለጡ፤ ሁሉ ነገር ይደበዝዛል። ውሃና ኮርኒያ ብርሃንን የሚያዘገዩበት መጠን ስለሚቀራረብ መታጠፉ ጠፋ፤ ዋናው ሌንስ ሥራ ፈታ ማለት ነው። እንግዲህ በልጁ ዓይን ላይ የደረቀው ዓይናር ዝንብ ጠርቶ፣ ዝንቡ ትራኮማ አምጥቶ፣ ትራኮማው ከዓመታት በኋላ ቆቡን አጥፎ የሚያበላሸው ይኼንን ዋናውን ሌንስ ነው። ፋብሪካ ያልሠራው፣ ሱቅ በደረቴ የማይሸጠው!

«ሳሙና የለኝማ።»

ውሃ ይበቃል። አንድ ጣሳ ይበቃል።

«ውሃውም ከሩቅ ነው የሚቀዳው።»

አውቃለሁ፤ እንስራውን የምታዝለው ማን እንደሆነችም አውቃለሁ። ቢሆንም ለእግር ከሚፈሰው ላይ ለፊት ይቀንሱለት። ልጁን ወዲህ ይላኩት፤ ዛሬ እኔ አጥበዋለሁ፤ ነገ የእርስዎ ተራ ነው!